ቪፒኤኑን የሠራው ማን ነው?

የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ሐሙስ ዕለት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ባንዴ እምቢ አሉ። ኢንተርኔቱ ግን አልጠፋም። ጎግል ይከፍታል፣ ኢሜይል ይገባል። ተመርጦ ነው የተዘጋው።

ጊዜው ለቤታችን ከባድ ነበር። ከሲኖዶሱ ፈቃድ ውጪ ጳጳሳት ተሹመው ምእመኑ ሁሉ ጭንቅ ላይ ነው። የነነዌን ሦስት ቀን ጥቁር ለብሰን ነበር የጾምነው። ለየካቲት 5 ሰልፍ ተጠርቷል። እማዬ የቤተ ክርስቲያኗን መግለጫ የምትከታተለው በስልኳ ነው። ሰልፉ አለ ወይስ ቀርቷል? ሰው ታስሯል? ይህን ማወቅ ትፈልጋለች። ቴሌግራሟ ግን «ኮኔክቲንግ» እያለ ይሽከረከራል እንጂ አይከፍትም።

የሰፈራችን ልጆች ወዲያው የተዘጋውን የሚያስከፍት ቪፒኤን የሚባል አፕ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ መቀባበል ጀመሩ። መጀመሪያ ማን እንዳወረደው የሚያውቅ የለም። ምልክቱ ጋሻ ነው፣ ስሙ ላይ ነፃና ፈጣን የሚል አለበት። አንዱ ልጅ እማዬ ስልክ ላይ ጫነላት። ነካ ሲያደርገው ስክሪኑ አናት ላይ ትንሽዬ የቁልፍ ምልክት ብቅ አለች፣ የተጠራቀመው መልእክትም ይወርድ ጀመር። እማዬ «ተመስገን፣ ተባረክ ልጄ» ብላ መረቀችው።

ማታ ስልኳን ተቀብዬ አፑ የጠየቀውን ፈቃድ ከፍቼ አየሁ። ኮንታክት። ያለችበት ቦታ። ፎቶና ፋይል። የእማዬ ስልክ ውስጥ ያለው የዘመድ ሁሉ ቁጥር ለዚህ አፕ ምን ያደርግለታል? ቴሌግራም ለማስከፈት አንዱም አያስፈልገውም። አጥፍቼ ሌላ ጫንኩላት።

ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለ እገዳ ስናወራ ስለተዘጋው ነገር ብቻ ነው የምናወራው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን እገዳው ሰውን ወዴት እንደገፋው ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ጡረተኛው፣ ሁሉም ስልኩን ለማያውቀው ሰው አስረከበ። ምርጫ አልነበረውማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልካችን አንድ ድረ ገጽ ሲከፍት የገጹን ስም ይጠራል። የምናነበው ነገር የተመሰጠረ ቢሆን እንኳ ስሙ በአብዛኛው በግልጽ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ መስመሩን የያዘው አካል ስሙን አይቶ ይዘጋል። ቪፒኤን ደግሞ ሁሉንም ጠቅልሎና ቆልፎ ሌላ አገር ወዳለ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ይወስደዋል። ከዚያ ነው ወደ ፌስቡክ የሚሄደው። እዚህ ያለው አካል የሚያየው የተቆለፈውን ጥቅል ብቻ ነው። የሰርቨሩ ባለቤት ግን በፊት እዚህ ይታይ የነበረውን ሁሉ ያያል፤ የት እንደገባን፣ መቼ እንደገባን። ፖስታ ቤቱ ደብዳቤዬን እንዳያይ ብሎ ለማያውቁት መንገደኛ እንደመስጠት ነው። መንገደኛው ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።

ይህ ዝም ብሎ ስጋት አይደለም። ፌስቡክ ራሱ ኦናቮ የሚባል ነፃ ቪፒኤን ነበረው። መረጃችሁን እጠብቃለሁ ይል ነበር። ኩባንያው ግን ሰዎች የትኛውን አፕ ምን ያህል እንደሚጠቀሙ የሚያጠናው በእሱ በኩል ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ከአፕል መደብር ተነሣ፣ በዓመቱም ጨርሶ ተዘጋ። የታወቀ ኩባንያ እንዲህ ካደረገ፣ አድራሻ እንኳ የሌለው አፕ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል?

ለእማዬ የጫንኩላት ሳይፎንን ነው። ካናዳ፣ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው ሲቲዝን ላብ በሚባል የምርምር ማዕከል የተጀመረ ነው፤ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ሥራችን የተዘጋውን ማስከፈት ነው እንጂ ማንነትን መደበቅ አይደለም ብለው በግልጽ ይናገራሉ። እንዲህ ልኩን የሚናገር ነገር ደስ ይለኛል። መደበቅ ለሚያስፈልገው ሰው ቶር አለ። ቶር መንገዱን በሦስት ሰርቨሮች ስለሚያሳልፍ ከሦስቱ አንዳቸውም ማን ወዴት እንደሄደ አንድ ላይ አያውቁም። ግን ይዘገያል። ደግሞም እኛ አገር በግንቦት 2004 ዓ.ም. ቶር ራሱ በግንኙነቱ ጠባይ እየተለየ ተዘግቶ ያውቃል። የዞን ዘጠኝ ጦማርያን በ2006 ዓ.ም. ሲከሰሱም ስለ ኮምፒውተር ደህንነት መሠልጠናቸው ክሱ ውስጥ ገብቶ ነበር። በር መቆለፍ መቻል እንደ ወንጀል ተቆጠረ ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬም «ቪፒኤን» ሲባል ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ሳይ አልፈርድበትም።

እህቴ ዱባይ ናት። እዚያ የዋትስአፕ ጥሪ ስለማይሠራ ቦቲም በሚባል የጥሪ አፕ ነው የምንገናኘው። ቪፒኤንን ከሁላችንም በፊት የምታውቀው እሷ ናት፣ ግን ትፈራዋለች። የአገሩ ሕግ ቪፒኤንን ለወንጀል ወይም ወንጀል ለመደበቅ የተጠቀመውን እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ይቀጣል። እናቷን በዋትስአፕ ብታነጋግር ወንጀል ነው አይደለም የሚለውን በእርግጠኝነት የሚነግራት ሰው አላገኘችም።

እገዳው ሊነሳ አምስት ወር ገደማ ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰው በካርዱም ከፈለ። የሶሻል ሚዲያ ጥቅል ገዝቶ በቪፒኤን የገባ ሰው ጥቅሉ አይቆጥርለትም፤ ጥቅሉ የሚሠራው የሚሄድበት አፕ ሲታወቅ ነውና። ከዋናው ዳታ ይቆረጣል። አክስቴ ልብስ የምትሸጠው በቴሌግራም ነው። ካርድ በሞላች ቁጥር «ይሄ ነገር ገንዘቤን በላው» ትል ነበር። ደንበኞቿ ግማሾቹ ቪፒኤን ስለሌላቸው የለጠፈችውን አያዩትም። ከተከፈተም በኋላ ያ የሰፈሩ አፕ ስልኳ ላይ ቀርቶ፣ ቀን ከሌት ሲሠራ አገኘሁት። የሚያስፈልግበት ምክንያት ካለፈ ቆይቷል። እሱ ግን አሁንም በመሀል ቁጭ ብሎ ያያል።

ሐምሌ ላይ ተከፈተ ብለን ደስታችንን ሳንጨርስ፣ በዚያው ወር መጨረሻ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ያኔ ጎንደር ያለው የአጎቴ ልጅ በስልክ ደውሎ «እዚህ የሚሠራው የትኛው ቪፒኤን ነው?» አለኝ። የትኛውም አይሠራም። ቪፒኤን የሚሄደው ባለ መስመር ላይ ነው፤ መስመሩ ራሱ ሲቆረጥ የሚጠቀለልም የሚላክም ነገር የለም። ትግራይ ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ነበረች። ይህን ስነግረው ዝም አለ። «እና ምን ላድርግ?» አለኝ ቆይቶ። ዋይፋይ ያለበት ሆቴል ካገኘህ፣ በመጀመሪያ ሠሪው የታወቀ ሁለት ሦስት አፕ አውርደህ አስቀምጥ፣ ከተዘጋ በኋላ ማውረጃውም አብሮ ሊዘጋ ይችላል አልኩት። ኮንታክትህን ከጠየቀህ እምቢ በል። በማትፈልገው ሰዓት አጥፋው። ስሞቹን አንድ በአንድ በኤስኤምኤስ ላክሁለት።