ፎቦስን በጄሶ፦ አራተኛ ወር

ያለፉትን ማስታወሻዎቼን ለተከታተላችሁ፣ ፎቦስ ቅርጹን ይዟል። አዲስ ለመጣችሁ ደግሞ ባጭሩ ላስረዳ። ፎቦስ ከማርስ ሁለት ጨረቃዎች ትልቁ ነው። ትልቁ ይባል እንጂ ርዝመቱ 27፣ ወርዱ 22፣ ከፍታው 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ 1 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሴንቲ ሜትር እየመነዘርኩ በጄሶ እየሠራሁት ነው። ውስጡ የተጨማደደ ጋዜጣና ሙጫ ነው፤ ጄሶው ከላይ ተለስኗል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድቡልቡል አለመሆኑ መጀመሪያ ላይ አስቸግሮኝ ነበር። እጅ ሳይታወቀው ክብ መሥራት ይወዳል። ትልልቆቹ ፕላኔቶችና ጨረቃዎች ክብ የሆኑት የራሳቸው ስበት ከየአቅጣጫው ስለሚጨምቃቸው ነው። ፎቦስ ያ አቅም የለውም። እዚህ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው እዚያ ከ60 ግራም አይበልጥም። ከ1 ሜትር ከፍታ ማንኪያ ብትለቁ መሬት እስክትነካ ከ15 ሰከንድ በላይ ትወስዳለች። ይህን በወረቀት ካሰላሁ በኋላ ነው ጎባጣውን ጎባጣ፣ ጠፍጣፋውን ጠፍጣፋ አድርጌ መተው የቻልኩት።

በዚህ ወር ብዙ የለፋሁት ስቲክኒ ላይ ነው። ስቲክኒ የፎቦስ ትልቁ ጉድጓድ ነው፤ ስፋቱ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በእኔ ልክ 9 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። እርጥቡን ጄሶ በጭልፋ ጀርባ ተጭኜ አወጣሁት፤ ግን በጣም ለስልሶ አላማረኝም። ፎቶዎቹን ደግሜ ሳያቸው የጉድጓዱ ግድግዳ ከላይ ወደ ታች የተንሸራተተ አፈር መስመር አለው። ስበቱ እንዲያ ደካማ ሆኖም አፈር ይናዳል። ውስጡ ደግሞ ሊምቶክ የሚባል 2 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሌላ ጉድጓድ አለ። ስለዚህ ግድግዳውን በደረቅ ብሩሽ ወደ ታች እየሳብኩ እንደገና ሠራሁት።

የስሙን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1877 አሳፍ ሆል የተባለ የሥነ ፈለክ ሰው ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መመልከቻ ሆኖ የማርስን ጨረቃ ሲፈልግ ሰነበተ። አልገኝ ሲለው ሊተወው ነበር። ባለቤቱ አንጀሊን ስቲክኒ ግን በርታ አለችው። በነሐሴ ወር በቀናት ልዩነት መጀመሪያ ዲሞስን፣ ቀጥሎ ፎቦስን አገኘ። አንጀሊን እራሷ የሒሳብ ሰው ነበረች፤ ተማሪ ሳለም ያስተማረችው እሷ ናት። ትልቁ ጉድጓድ በእሷ ስም መጠራቱ ይገባታል እላለሁ።

አሁን ወደ ፈሩ ልምጣ። የፎቦስን ፎቶ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ይህንን ነው። ገጹ ታርሶ የተተወ ማሳ ይመስላል። ፈሮቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው ለብዙ ኪሎ ሜትር ይዘልቃሉ። እኔ ስቲክኒን የፈጠረው ግጭት ያወጣቸው ስንጥቆች ናቸው ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ብርጭቆ በድንጋይ ሲመታ እንደሚሰነጠቀው ማለት ነው። ከመጫሬ በፊት በካርታው መሠረት ክር በስፒል እየወጠርኩ ዘረጋኋቸው። ያኔ ሐሳቤ ፈረሰ። ክሮቹ ስቲክኒ ላይ አይገናኙም። የሚሰበሰቡት ፎቦስ በምሕዋሩ ሲጓዝ ፊት ለፊት የሚመራው ጫፍ አካባቢ ነው። ከስቲክኒ ሩቅ አይደለም፤ ግን ስቲክኒ አይደለም። አንዳንዶቹ ፈሮች እንዲያውም የጉድጓዱን ከንፈር አልፈው ወደ ውስጥ ይገባሉ። በስተኋላ በኩል ደግሞ አንድም ፈር የሌለበት ቦታ አለ።

ታዲያ ከየት መጡ? ባለሙያዎቹም አልተስማሙም። አንዱ ወገን ማርስ ላይ ትልቅ ግጭት ሲደርስ ሽቅብ የተወረወረ ፍርስራሽ ፎቦስን ገርፎት ነው ይላል። ሌላው የማርስ ስበት ጨረቃውን እየወጠረው ቆዳው ተሰነጣጥቋል ይላል። በ2018 የወጣ የኮምፒውተር ስሌት ደግሞ ከስቲክኒ ግጭት የፈለቁ ቋጥኞች ተንከባለው ነው ይላል። ስበቱ ደካማ ስለሆነ ጨረቃውን ዞረው ተመልሰው በስቲክኒ ላይ ሊያልፉ ይችላሉ። ፈር የሌለበት ቦታ ዝቅ ያለ ነው፤ ቋጥኞቹ ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ዘለው ያልፉታል። ለእኔ ይህ የበለጠ ያሳምነኛል፤ ባዶውን ቦታም ጭምር ስለሚያስረዳ።

የማርስን ርቀት በዚሁ ልክ ስመነዝረው 60 ሜትር ብቻ ሆነ። ጄሶውን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ በእርምጃ ለካሁት። ማርስ ራሷ ወርዷ 68 ሜትር የሆነ ኳስ ትሆናለች። የእኛ ጨረቃ በዚህ ልክ 3.8 ኪሎ ሜትር ርቃ ነው የምትቀመጠው። ፎቦስ ይህን ያህል ስለሚጠጋ ማርስን በ7 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ይዞራል። ማርስ በራሷ ዛቢያ ከምትዞረው ይፈጥናል። ማርስ ላይ ቆሞ ለሚያየው ሰው በምዕራብ ወጥቶ በምሥራቅ ይጠልቃል። በየ100 ዓመቱም 1.8 ሜትር ገደማ ይጠጋታል። ከ30 እስከ 50 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ወይ ይከሰከስባታል፣ ወይ ተበታትኖ ቀለበት ይሆንላታል።

አመጣጡ ላይም አቋሜን ቀይሬያለሁ። ፎቦስ ከሚያርፍበት ብርሃን የሚመልሰው 7 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ከሰል ነው ማለት ይቻላል። መልኩ ከአንዳንድ ጥቋቁር አስትሮይዶች ጋር ስለሚመሳሰል፣ ማርስ መንገድ ላይ የያዘችው እንግዳ ነው ብዬ አምን ነበር። ምሕዋሩ ግን ሌላ ይናገራል። ክብ ለመሆን ምንም አልቀረውም፤ የሚዞረውም በማርስ ወገብ ላይ ነው። ከውጭ የተያዘ ድንጋይ በዘፈቀደ ይመጣል፤ መንገዱም ሞላላና ዘመም ያለ ይሆን ነበር። ስለዚህ ጥንት ማርስን አንድ ትልቅ ነገር ገጭቷት፣ የተረጨው ፍርስራሽ ዙሪያዋን ከብቦ ጨረቃ ሆነ የሚለው ሐሳብ ወደ ልቤ ገብቷል። በ2023 የኤምሬቶች ‹ሆፕ› መንኮራኩር ዲሞስን በቅርብ አይታ ያስገኘችው መረጃም ወደዚሁ ያዘነብላል። ጃፓን ደግሞ ከፎቦስ ላይ ቢያንስ 10 ግራም አፈር አንስታ ለማምጣት ዝግጅት ላይ ናት። ያ አፈር እስኪመጣ በጉጉት እጠብቃለሁ።

የቀረኝ መጫሩና ማጥቆሩ ነው። ፈሮቹ ከ100 እስከ 200 ሜትር ይሰፋሉ፤ ጥልቀታቸው ግን ከ30 ሜትር ያነሰ ነው። በእኔ ልክ ስፋታቸው 1 እና 2 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀታቸው የወረቀት ውፍረት ያህል መሆኑ ነው። ስለዚህ ቢላዋውን ትቼ በመርፌ እጀምራለሁ። የከሰል ዱቄት ሞክሬ ነበር፤ ሲደርቅ ይረግፋል። ሙጫ ስጨምርበት ደግሞ ያብረቀርቃል፤ ፎቦስ አያብረቀርቅም። ሳያብረቀርቅና ሳይረግፍ ጄሶ ላይ የሚይዝ ጥቁር የሠራችሁ ካላችሁ፣ አቀባባችሁን ብትነግሩኝ ከመርፌው ሥራ በፊት ትርፍ ቁራጭ ላይ እሞክረዋለሁ።