ለዲዛይንና ለቪዲዮ ሥራ ስንት ራም ይበቃል? እስካሁን የደረስኩበት

ፎቶ ኤዲቲንግና የባነር ዲዛይን ስሠራ ቆይቼ አሁን ቀስ በቀስ ወደ ቪዲዮ እየገባሁ ነው። ላፕቶፕ መቀየርም ግድ ሆኗል። ስንት ራም (ማሽኑ አሁን የሚሠራበትን ነገር የሚይዝበት ጊዜያዊ ሚሞሪ) እንደሚያስፈልገኝ የሙያ ጓደኞቼን ስጠይቅ አንዱ "8 ጊጋ ይበቃሃል" ይለኛል፣ ሌላው "ከ32 በታች እንዳታስበው"። ሁለቱም ከልባቸው ነው፤ ሁለቱም ለራሳቸው ሥራ ልክ ናቸው። አንዱ ሎጎና ቢዝነስ ካርድ ይሠራል፣ ሌላው ሞሽን ግራፊክስ (የሚንቀሳቀስ ጽሑፍና ምስል)። ስለዚህ የሰው ቁጥር ከመውሰድ የራሴን ሥራ ለመለካት ወሰንኩ። ከ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የኤአይ ዳታ ሴንተሮች የሚሞሪ ቺፑን ገበያ ስለተሻሙት የራም ዋጋ በዓለም ዙሪያ ንሯል፤ "ለማንኛውም ብዙ ልግዛ" የሚባልበት ጊዜ አይደለም። እስካሁን የደረስኩበት ይኸውና።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር፣ ፋይሉ ዲስክ ላይ የሚይዘው ቦታ ስለ ራም ምንም እንደማይናገር ነው። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሳ ጄፔግ ዲስክ ላይ 10 ሜጋባይት ገደማ ቢይዝ ነው። ፎቶሾፕ ሲከፍተው ግን የተጨመቀው ሁሉ ይፈታል። 6000 በ4000 ፒክስል፣ ለእያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ቀለም፣ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ባይት፤ ሲባዛ 72 ሜጋባይት። በ16 ቢት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቀለም በሁለት ባይት ከሠራችሁ 144። ይህ ደግሞ የአንድ ሙሉ ሌየር (ንብርብር) ብቻ ነው። ቆዳ የምታስተካክሉበት ሌየር፣ የጀርባውን የምትቀይሩበት ሌየር፣ ብርሃን የምትጨምሩበት ሌየር እያለ አሥር ሲደርስ በ16 ቢት አንድ ጊጋ ተኩል ሊጠጋ ይችላል። በዚያ ላይ ፎቶሾፕ ወደኋላ መመለስ እንድትችሉ የሠራችሁትን 50 እርምጃ ያህል ይዞ ይቆያል። ዲስኩ ጎተራ ነው፣ ራም ሰፌድ ነው፤ ጎተራው የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚበጠረው ሰፌዱ የያዘውን ያህል ነው። ለዚህ ነው ባለ 1 ቴራ ላፕቶፕ ይዞ 8 ጊጋ ራም ላይ የሚሠቃይ ሰው የበዛው።

ባነር ላይ ነገሩ ይከፋል፤ እኔ ብዙ ጊዜ የምሠራው እሱን ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ደንበኛ መጥቶ 3 ሜትር በ2 ሜትር ባነር አዘዘ እንበል። ብዙዎቻችን ከቢዝነስ ካርድ በለመድነው ልማድ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ብለን እንከፍታለን። ያ ማለት በወርዱ ብቻ ከ35 ሺህ ፒክስል በላይ ነው። በሲኤምዋይኬ (ለህትመት በምንጠቀምበት የቀለም አሠራር) አራት ቀለም ስለሆነ አንዷ ሙሉ ሌየር 3.3 ጊጋ ገደማ ትይዛለች። ሁለተኛ ፎቶ ጨመራችሁ፣ ጽሑፉን ራስተር አደረጋችሁ (ወደ ፒክስል ለወጣችሁ)፣ ጥላ ጣላችሁበት፤ 16 ጊጋ የት እንደገባ አታውቁትም። ሴቭ ልታደርጉ ስትሉ ደግሞ ፎቶሾፕ በፒኤስዲ አላስቀምጥም ይላችኋል፣ ምክንያቱም ፒኤስዲ በአንድ ጎን ከ30,000 ፒክስል አያልፍም፤ ፒኤስቢ (ለትልልቅ ፋይል የሆነውን የፎቶሾፕ ፎርማት) ማድረግ አለባችሁ። ያንኑ ባነር በ100 ዲፒአይ ክፈቱት፦ አንዷ ሌየር 370 ሜጋባይት ገደማ፣ ማለትም ዘጠኝ እጥፍ የቀነሰ። መንገድ ማዶ ሆኖ የሚያነበው ሰው ልዩነቱን አያየውም። ጽሑፉንና ሎጎውን በኢላስትሬተር ቬክተር (በፒክስል ሳይሆን በመስመር ስሌት የሚሳል) አድርጋችሁ ፎቶውን ብቻ ከፎቶሾፕ ካመጣችሁት ደግሞ ከዚያም ይቀላል። ራም ልግዛ ከማለቴ በፊት ይህችን ማስተካከሌ ብቻ የሥራዬን ፍላጎት በጣም አወረደው። የማተሚያ ቤቱን ባለሙያ "ለዚህ ማሽን ስንት ዲፒአይ ልስጥህ?" ብሎ መጠየቅ ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

መለኪያው ምንድነው ለሚል፣ ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ሚሞሪን ምረጡ። ዊንዶውስ 11 ምንም ከባድ ነገር ሳይከፈት ከ3 እስከ 4 ጊጋ ይይዛል። ክሮም ላይ ቴሌግራም ዌብ፣ ዩቲዩብና ጥቂት ገጾች ከከፈታችሁ ሌላ 2 ጊጋ ልትቆጥሩ ትችላላችሁ። የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ደግሞ ለስክሪኑም የሚበደረው ከዚሁ ራም ነው። 8 ጊጋ ያለው ማሽን ላይ ለፎቶሾፕ የሚተርፈውን እናንተው አስሉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ራም ሞልቶ መታየቱ ብቻውን ችግር አይደለም። ፎቶሾፕ በተፈጥሮው የፈቀዳችሁለትን ያህል ይወስዳል (ሳትነኩት ከሆነ ሊጠቀም ከሚችለው 70 በመቶውን)፣ ፋይሉን ብትዘጉትም ቶሎ አይለቅም። እንዲያውም ባዶ የተቀመጠ ራም ለማንም አይጠቅምም። ችግሩ የሚጀምረው ሥራው ከራም ፈስሶ ወደ ዲስክ ሲሄድ ነው። ያን ለማወቅ ፎቶሾፕ ግርጌ ላይ ካለችው ትንሽ ቀስት ኤፊሸንሲ የሚለውን ምረጡና ስትሠሩ ዓይናችሁን ጣል አድርጉበት። 100 ላይ ከቆመ ራማችሁ በቅቷችኋል፤ ከዚያ እየወረደ ከሄደ ስክራች ዲስክ ላይ እየሠራችሁ ነው። እኔ ለአንድ ሥራ ምን ያህል እንደሚያስፈልገኝ ያወቅኩት ከሁሉ በላይ በዚህች ቁጥር ነው። ታስክ ማናጀር ላይ ደግሞ ኮሚትድ የሚለውን እዩ፤ ፕሮግራሞቹ የጠየቁትና ዊንዶውስ ቃል የገባላቸው ነው። በግራ ያለው ቁጥር ከተገጠመው ራም በብዙ በልጦ፣ ዲስኩም አብሮ 100 በመቶ ላይ ከተንጠለጠለ፣ ላፕቶፑ የሚንቀራፈፈው ለምን እንደሆነ ታወቀ ማለት ነው።

ፈሰሰ ማለት ምን ያህል ያጓትታል? ዲዲአር4 የሚባለው የራም ዓይነት በ3200 ፍጥነት በአንድ ቻናል (ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር በሚገናኝበት መስመር) በሰከንድ 25 ጊጋባይት ገደማ ያመላልሳል። ሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ከግማሽ ጊጋ ብዙም አያልፍም፤ የድሮው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ቢያመጣ ነው፣ ያውም ፋይሉ የተበታተነ ካልሆነ። ስለዚህ አሁንም ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ይዛችሁ ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ እኔ ከራም በፊት ኤስኤስዲ አስገቡ እላለሁ። ራሙ ቢያንስም እንኳ መፍሰሱ ያን ያህል አያሰቃይም።

ወደ ቪዲዮው ስመጣ ያስተማረኝ ሰርግ ኤዲት የሚያደርግ ጎረቤቴ ነው። በዕድሜም በሙያም ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። እሱ ጥሎሹን፣ ሰርጉን፣ መልሱንና ቅልቅሉን በየራሱ ፕሮጀክት ከፋፍሎ ነው የሚሠራው። "ሁሉንም አንድ ታይምላይን ላይ ካጨቅከው ማሽኑ ጀምበር እስክትጠልቅ ያስጠብቅሃል" አለኝ። ካሜራው የሚቀርጸው በ4ኬ ነው፤ እሱ ግን መጀመሪያ ትንንሽ ፕሮክሲ (የዋናውን ቪዲዮ ቀለል ያለ ቅጂ) ይሠራና በእነሱ ቆርጦ ጨርሶ፣ በመጨረሻ ኤክስፖርት ሲያደርግ ብቻ ወደ ዋናው ይመለሳል። 16 ጊጋ ባለው ላፕቶፕ ይህን ሁሉ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። አዶቤ ራሱ ለፕሪሚየር፣ ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ፣ ዝቅተኛው 8፣ ለኤችዲ 16፣ ለ4ኬ ደግሞ 32 ወይም ከዚያ በላይ ይላል። ሌላው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ዳቪንቺ ሪዞልቭ 16 ይላል፣ በውስጡ ያለውን የኢፌክት ክፍል፣ ፊውዥንን፣ ከተጠቀማችሁ 32። ከጋሼ ሥራ የተረዳሁት፣ እነዚህ ቁጥሮች ዋናውን 4ኬ በቀጥታ ታይምላይን ላይ ለሚጎትት ሰው የተባሉ እንጂ በፕሮክሲ ለሚሠራ የግድ እንዳልሆኑ ነው።

ሞሽን በሚሠራበት አፍተር ኢፌክትስ ላይ ግን ማምለጫው ጠባብ ነው። ፕሪቪው ሲያዘጋጅ እያንዳንዱን ፍሬም ሳይጨምቅ ነው ራም ላይ የሚደረድረው። አንድ የኤችዲ ፍሬም በ8 ቢት 8.3 ሜጋባይት ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ለአሥር ሰከንድ 250፤ ሁለት ጊጋ ሄደ። ያንኑ አሥር ሰከንድ በ4ኬ ካደረጋችሁት 8.3 ጊጋ፣ በ16 ቢት ደግሞ ከ16 ጊጋ በላይ። የአንድ የማስታወቂያ መክፈቻ ጽሑፍ አንቀሳቅሳችሁ ለማየት ማለት ነው። የፕሪቪውን ሪዞሉሽን ከፉል ወደ ሃፍ ስታወርዱት ፒክስሉ ወደ አንድ አራተኛ ስለሚቀንስ ሥራው ይቀጥላል፤ እኔም አሁን በዚህ ነው የምገፋው። ነገር ግን ዋና ሥራው ሞሽን የሆነ ሰው 32 ጊጋን እንደ ቅንጦት ባያየው ደስ ይለኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለኝ። ሪዞልቭ ላይ የጂፒዩ (የግራፊክስ ፕሮሰሰሩ) ሚሞሪ ሞልቷል የሚል መልእክት ሲመጣ ራም ለመጨመር የሚሮጥ ሰው አጋጥሞኛል። ማሽኑ የራሱ ግራፊክስ ካርድ ካለው፣ የካርዱ ሚሞሪ ለብቻው ነው፤ 4 ጊጋ ከሆነ 4 ጊጋ ነው፣ ራም 64 ብታደርጉትም አያድግም። እዚያ ላይ የሚረዳው የታይምላይኑን ሪዞሉሽን ማውረድ ነው፤ ኖይዝ ሪዳክሽንን የመሰሉ ከባድ ነገሮችንም መጨረሻ ላይ ማድረግ።

ግዢው ጋ ስደርስ፣ መገናኛ ያሉ ሱቆች ውስጥ ስዞር የምሰማው አንድ ዓይነት ነው፦ "ወንድሜ፣ ኮር አይ 7 እኮ ነው፣ ምንም አይልህም!" ፕሮሰሰሩ ጥሩ ነው፣ ደስ ይላል፤ እኔ ግን ራሙ ሊጨመር ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ነው የማየው። ስላይትሊ ዩዝድ ሆነው ከሚመጡት መካከል ቲንክፓድ ቲ480፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 እና ዴል ላቲቲውድ 5490 ሁለት ሁለት የራም ስሎት አላቸው። ቲ480ኤስ ግን በስም አንድ ፊደል ብቻ ቢለይም ራሙ በከፊል ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ የሚጨመርበት ስሎት አንድ ብቻ። ኤክስ1 ካርቦን ደግሞ ሙሉ በሙሉ የተበየደ ስለሆነ ስትገዙ ያለው ራም እስከ መጨረሻው ያው ነው። ሱቁ ውስጥ ሳትፈቱት ለማወቅ እዚያው ታስክ ማናጀር ሚሞሪ ላይ ፎርም ፋክተር የሚለውን አንብቡ፦ ሶዲም ካለ የሚነቀል ነው፤ ሮው ኦፍ ቺፕስ ካለ ተበይዷል። ከሱ በላይ ደግሞ ስንት ስሎት እንደተያዘ ይጽፋል። ሻጩም አይከፋውም፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ራም ለብቻው ስትገዙም ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ስሎታቸው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ የላፕቶፑን ሞዴል ይዛችሁ ሂዱ።

እኔ የወሰንኩት ባለ ሁለት ስሎት ማሽን በአንድ ባለ 16 ራም ነው። ሁለት ባለ 8 ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቻናል አብሮ ስለሚሠራ፣ በተለይ ግራፊክሱ ከራም ለሚበደር ላፕቶፕ፣ ፈጠን ይል ነበር። ነገር ግን ወደ 32 ላሳድግ ስል ሁለቱንም አውጥቼ መጣል ሊኖርብኝ ነው። አንዱን ስሎት ባዶ ትቼ ሥራው ሲጠይቅ ሁለተኛ 16 መጨመር ለኪሴም ለዕቅዴም ይስማማኛል።

ማክ ለምታስቡ፦ ከኤም1 ጀምሮ ባሉት ላይ ፕሮሰሰሩም ግራፊክሱም አንድ ሚሞሪ ይጋራሉ፤ በኋላ የሚጨመር ነገር የለም። አፕል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 የማክቡክ ኤርንም የማክቡክ ፕሮንም መነሻ ከ8 ወደ 16 ጊጋ ከፍ ማድረጉ የሚነግረን ነገር ያለ ይመስለኛል። ያገለገለ ባለ 8 ኤም1 ርካሽ አግኝታችሁ ከሆነ ለፎቶ ብቻ ግዙት፤ አክቲቪቲ ሞኒተር ላይ ሚሞሪ ፕሬዠር የሚለው ግራፍ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ መቼ እንደሚሄድ በራሳችሁ ፋይል ሞክራችሁ ይሁን እንጂ።

ሙዚቃ የሚሠራ ወንድሜ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየኝ። የተቀዳ ድምፅ ቀላል ነው፤ በ48 ኪሎኸርትዝ 24 ቢት አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 9 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፣ እሱም ከዲስክ እየተነበበ ይጫወታል። ራም የሚበላው የሳምፕል ላይብረሪ (አስቀድሞ የተቀዱ የመሣሪያ ድምፆች ስብስብ) ነው፤ እሱን የሚያጫውተው ኮንታክት የእያንዳንዱን ኖታ መጀመሪያ ራም ላይ ጭኖ ነው የሚጠብቀው። ክራርና ዋሽንቱን በማይክ የሚቀዳ ሰው በ8 ጊጋ ሲሠራ፣ ሙሉ ኦርኬስትራ በኪቦርድ የሚያስገባው በ16 ላይ ራም ለማስለቀቅ ትራክ ፍሪዝ ሲያደርግ (ትራኩን ወደ ተቀዳ ድምፅ ሲለውጥ) ታዩታላችሁ።

ብሌንደር (የ3ዲ ፕሮግራሙ) ላይ ገና አልለካሁም። የምትሠሩበት ካላችሁ፣ ሬንደር ሲያደርግ ኮሚትድ ላይ ስንት እንደሚደርስ፣ በሲፒዩ ይሁን በጂፒዩ፣ ከማሽናችሁ ሞዴል ጋር ጻፉልኝ። እኔም ሁለተኛውን 16 ስጨምር የአፍተር ኢፌክትሱን ፕሪቪው በፉል ሪዞሉሽን ደግሜ ለክቼ አስገባዋለሁ።