ለሁለተኛ ጊዜ የሚመጡት

የካምፓሳችን የቴክኖሎጂ ክለብ ሰብሳቢ ከሆንኩ ወዲህ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ስንት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ትችያለሽ?» ብለው ነው። ፓይተን በደንብ እሠራበታለሁ። ሲ ፕላስ ፕላስ ለክፍል ሥራ ያህል አያቅተኝም፤ ጃቫስክሪፕት ገና እየተማርኩ ነው። ክለቡ ውስጥ ከእኔ በብዙ የሚበልጡ ልጆች አሉ። አንዱ የውድድር ጥያቄ ሲፈታ የሚያነጋ ነው፤ ለሰብሳቢነት ተወዳደር ስንለው «እኔን ተዉኝ፣ ከኮዴ አትለዩኝ» ብሎ እምቢ አለ። እውነቱን ነው። እሱን ከሚወደው ሥራ አንስቶ ደብዳቤ ማመላለስ ላይ መጣል ክለቡንም ይጎዳል።

እኔ የተወዳደርኩበት ምክንያት ሌላ ነው። ተራ አባል ሳለሁ በየዓመቱ የማየው ነገር ነበር። በመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ይሞላል፤ ወንበር ያጣው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ከሚድ ፈተና በኋላ የፊተኛው ረድፍ ብቻ ይቀራል። የሚቀሩት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሳይመጡም ኮድ ይጽፉ የነበሩ፣ ደህና ላፕቶፕ ያላቸው፣ ቀድሞም የሚተዋወቁ። የሚጠፋው አዲሱ ነው። ይሄ ያንገበግበኝ ነበር። ክለብ የሚያስፈልገው ለማያውቅ ሰው ነው፤ የሚያውቀውማ ዶርሙ ቁጭ ብሎም ይሠራል።

ጉግል ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንዳዘጋጀው ጉግል ዲቨሎፐር ግሩፕስ ኦን ካምፓስ ባሉ ፕሮግራሞች (እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ጉግል ዲቨሎፐር ስቱደንት ክለብስ ይባል የነበረው ነው) መሪ መሆን የሚፈልግ ተማሪ ማመልከቻ ያስገባል። የእኛ ክለብ በአባላት ድምፅ ነው የሚመርጠው። ስለዚህ ቆሜ መናገር ነበረብኝ፤ የተናገርኩትም አጭር ነው፦ «ዘንድሮ የምንቆጥረው ለሁለተኛ ጊዜ የመጣውን ሰው ነው።»

ከተመረጥኩ በኋላ መጀመሪያ ያደረግኩት የጠፉትን መፈለግ ነበር። ከስም መዝገቡ ላይ እያወጣሁ በቴሌግራም ጻፍኩላቸው፤ አንዳንዶቹን ላይብረሪ በር ላይ ጠብቄ አናገርኳቸው። ትምህርቱ ከብዶኝ ነው ያለኝ ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ትምህርቱ ጋ ጭራሽ አልደረሱም።

ፓይተን ዊንዶውስ ላይ ሲጫን በመጫኛው የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ ፓይተንን ወደ ፓዝ (ኮምፒውተሩ ፕሮግራም ወደሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) ጨምር የምትል። ካልነኳት ምልክት አይኖርባትም። እሷን ያለፈ ተማሪ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቶ ፓይተን ብሎ ሲጽፍ ኮምፒውተሩ ትእዛዙን አላውቀውም ይለዋል፤ አለዚያም የማይክሮሶፍት ስቶርን ይከፍትለታል። በዚህ ሰዓት የሚያስተምረው ልጅ ቫሪያብል ጨርሶ ሉፕ ጀምሯል። አዲሱ ተማሪ እጁን አያወጣም። አጠገቡ ያለው ስክሪን ላይ ሲሠራ ያያል፣ የእሱ አልሠራም፣ «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይወስናል። በአንዲት ሳጥን!

የኮድን ለውጥ የሚመዘግበው ጊት የሚባለው ፕሮግራም ላይም እንዲሁ ነው። ከኦገስት 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጊትሃብ (በጊት የተያዘ ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ከትእዛዝ መስመር ኮድ ለሚልክ ሰው የይለፍ ቃል አይቀበልም፤ ቶክን (ድረ ገጹ የሚያወጣው ሚስጥራዊ ኮድ) ወይም የኤስኤስኤች ቁልፍ (ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጥ መለያ ፋይል) ይፈልጋል። ከዚያ በፊት የተቀረጸ ቪዲዮ አይቶ የመጣ ተማሪ ትክክለኛውን የይለፍ ቃል መልሶ መላልሶ ይጽፋል፣ ረስቼው ይሆናል ብሎ ይቀይረዋል፣ አሁንም እምቢ ይለዋል። አርዱዊኖ በሚባለው በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ደግሞ መከራችን ገመድ ነው። ስልክ ቻርጅ ከማድረግ በቀር ዳታ የማያስተላልፍ የዩኤስቢ ገመድ ሞልቷል፤ ሲያዩት ግን ምንም ልዩነት የለውም። ቦርዱ መብራቱን ያበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ገመዱ ደህና ሆኖ ሳለም ቦርዱ ኮፒ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ሲኤች 340 የሚባለው ድራይቨር (ቦርዱን ከኮምፒውተሩ የሚያስተዋውቀው ፕሮግራም) ይጎድላል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ወርክሾፕ በፊት በነበረው ቀን «የመጫኛ ምሽት» ማድረግ ጀመርን። ትምህርት የለም። መጫኛዎቹን በፍላሽ ቀድተን እንጠብቃለን፤ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ዋይፋይ አውርዶ አይጨርስም። ገመዶቹን አስቀድመን እንፈትሽና ዳታ የሚያስተላልፉትን በቀይ ፕላስተር እናስራቸዋለን። የመጣው ሰው ሁሉ በራሱ ላፕቶፕ አንድ መስመር ኮድ አሠርቶ፣ ወይም የአርዱዊኖውን መብራት ብልጭ ድርግም አድርጎ ነው የሚወጣው።

ለሚረዱት ልጆች ያወጣሁት ሕግ አንድ ነው፦ የሰው ኪቦርድ አይነካም። ይሄ ያጣላናል። የሚያውቅ ሰው ሲረዳ እጁ ይቀድመዋል፤ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ያዞርና ጣጣጣ አድርጎ «ይኸው» ይላል። ተማሪው አመስግኖ ይሄዳል፤ ምን እንደተደረገለት ግን አያውቅም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ስህተት ሲመጣበት መልሶ እዚያው ነው። ጊዜ ይፈጃል ይሉኛል። ይፍጅ። ምሽቱን የመደብነው ለዚሁ ነው።

አንድ ምሽት አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ በሩ አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም። ጊት የመጀመሪያ ኮሚቷን (የሠራችውን ለውጥ መዝግቦ ማስቀመጥን) ከልክሎ «እባክህ ማን እንደሆንክ ንገረኝ» የሚለውን መልእክት ስክሪኗ ላይ አውጥቷል። «ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። ምንም አላጠፋሽም፣ ኢሜይልና ስም ነው የጠየቀሽ፣ ሁላችንንም ጠይቆናል አልኳት። ምን ተብሎ እንደሚጻፍ እዚያው ከሥሩ አስቀምጦታል። እስክታነበው ዝም ብዬ ቆምኩ። መስመሩን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ኢሜይሏን በጥቅስ ምልክቱ መሃል አስገባች፣ ቀጥሎ ስሟን፣ ከዚያ ኮሚቱን ደገመችው። ሄደላት። ቦርሳዋን ያወረደችው ያኔ ነው። አሁን በመጫኛ ምሽት ከሚረዱን ልጆች አንዷ እሷ ናት፤ እንደ እሷ ታጋሽ የለንም።

የሳምንቱን ስብሰባ እንዴት እንደምመራው ግራ ሲገባኝ የድሮ ክለቦችን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ፤ በዚያው ሆምብሩ ኮምፒውተር ክለብን አገኘሁ። መጋቢት 1975 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሜንሎ ፓርክ፣ ጎርደን ፍሬንች በሚባል ሰው ጋራዥ ውስጥ የተጀመረ ክለብ ነው፤ የሰበሰባቸው አልቴር 8800 የተባለው ኮምፒውተር ነው። ከአፕል መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክ የመጀመሪያውን የአፕል ኮምፒውተር፣ አፕል አንድን፣ ለሰው ያሳየው እዚያ ነው፤ የሰርኪዩቱንም ንድፍ ለአባላቱ በነፃ ያድል ነበር። ለእኔ የጠቀመኝ ግን ሊ ፌልሰንስታይን ስብሰባውን የሚመራበት መንገድ ነው። ለሁለት ይከፍለው ነበር። መጀመሪያ ሰው ሁሉ በየተራ ምን እየሠራ እንደሆነ፣ ምን እንደቸገረው ወይም ምን እንዳለው በአጭሩ ይናገራል። ቀጥሎ ስብሰባው ይፈታና ሁሉም የሚፈልገውን ሰው ሄዶ ያናግራል።

እንዳለ ወሰድነው። ቀድሞ የእኛ ስብሰባ አንድ ሰው በፕሮጀክተር ሲያቀርብ ሌላው የሚያዳምጥበት ነበር። አሁን መጀመሪያ ሁሉም ይናገራል፣ «እኔ ገና ጀማሪ ነኝ፣ ምንም አልሠራሁም» የሚለውም ጭምር። እኔ ወረቀት ይዤ እጽፋለሁ። አንዱ የክፍል አቴንዳንስ የሚይዝ አፕ ጀምሬ ዳታቤዙ ላይ ቆምኩ ይላል፤ ከኋላ የተቀመጠችው ደግሞ ዳታቤዝ ተምሬ የምሠራበት ነገር አጣሁ ትላለች። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ በዚያ ጫጫታ አንዱ የሌላውን ላይሰማም ይችላል። ስብሰባው ሲፈታ እኔ ሄጄ አገናኛቸዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ከሠራሁት ሁሉ በጣም የምወደው ሥራ ይሄ ነው፤ ኮድ ሲሠራልኝ ከሚሰማኝ ደስታ ይበልጥብኛል።

የአስተዳደሩን ሥራ በአጭሩ ልለፈው። አዳራሽ በደብዳቤ ነው የሚጠየቀው፤ ደብዳቤው ቀደም ብሎ ይግባ፣ ማኅተም ያረፈበት ኮፒ እጃችሁ ላይ ይቅር። ፕሮጀክተሩን ከአንድ ሰዓት በፊት ሞክሩት። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ከሚበቃችሁ በላይ ያዙ፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣ ብዙ ነው። ፈተና ከመድረሱ ሁለት ሳምንት በፊት ክለቡ ይዘጋል፤ ይህን ውሳኔ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ አማካሪያችንም ደግፈውኛል። ክለብ አባሉን ከትምህርቱ ካሳነፈው ምኑን ክለብ ሆነ?

ኮሚቴ ስመርጥ ብዙዎች ጎበዝ ኮደሮችን ብቻ እንድይዝ መክረውኝ ነበር። እኔ ግን አልተስማማሁም። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተመሠረተው የሞዴል ባቡር ክለብ እንኳ ከፊሉ አባል ባቡሩንና ትንንሾቹን ቤቶች ሲሠራና ሲቀባ፣ ሌላው ከጠረጴዛው ሥር ሽቦውን ይዘረጋ ነበር። ፖስተር የምትሠራልን ልጅ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ናት። የአባላቱን ስም ከነፊታቸው የሚያውቀው፣ የቀረውን ሰው ደውሎ «ምነው ጠፋህ?» የሚለው ልጅ የአካውንቲንግ ተማሪ ነው። ክለቡ ሁለተኛውን ሳምንት የተሻገረው በእነሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን የያዝኩት ሥራ ርክክብ ነው። ከእኛ በፊት የነበረው የክለቡ ገጽ በአንድ ተመራቂ የግል ኢሜይል ተከፍቶ ስለነበር፣ እሱ ከካምፓስ ከወጣ በኋላ ማንም ሊገባበት አልቻለም፤ የዓመታት ፎቶና የማስተማሪያ ፋይል እዚያው ቀረ። ስለዚህ የጊትሃብ ኦርጋናይዜሽናችን (እዚያ ያለን የክለቡ የጋራ ገጽ) ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት ባለቤት እንዲኖረው ወስነናል፤ አንዱ የግድ ከታች ክፍል ይሆናል። ኢሜይሉም የክለቡ ነው። የመጫኛ ምሽቱ ዝርዝር፣ የደብዳቤው ናሙና፣ የተበላሹት ገመዶች ሳይቀሩ እዚያው ተጽፈዋል።

ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ የሳምንቱን ስብሰባ የሚመራው ምክትሌ ነው፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። እኔ እስክመረቅ ድረስ አባል ነኝ፤ ተራዬ ሲደርስም እንደማንኛውም ሰው ተነስቼ ጃቫስክሪፕቱ የት ላይ እንደያዘኝ እናገራለሁ።