ጠበሉን ከፊት ጫንነው

ሰሞኑን ወደቡ ላይ አንድ ልጅ እግር ጀልባ ነጂ ለጓደኛው «ፖንቱን እኮ አይሰምጥም፣ ምን ያስፈራሃል?» ሲለው ሰማሁ። ዝም ብዬ አለፍኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምክንያቱም እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ልክ እንደሱ ነበር የማስበው። ስለዚህ የደረሰብኝን ልጻፈው አልኩ፤ እሱም ሌላውም ያንብበው።

ለማያውቅ ሰው፣ ፖንቱን ማለት ሁለት ረዣዥም የአሉሚኒየም ቱቦዎች ላይ ጠፍጣፋ ወለል ተነጥፎበት፣ ዙሪያውን አጥር፣ ከላይ ሸራ፣ ከኋላ ሞተር ያለው ጀልባ ነው። እንግዳ ይወደዋል። አረጋውያን ደግሞ በጣም ይወዱታል፣ ምክንያቱም የቤት ደጃፍ እንደመሻገር ነው የሚገቡበት፤ እንደ ሌላው ጀልባ እግርህን ስታሳርፍበት ወዲያና ወዲህ አይልም። ቱቦዎቹም ውስጣቸው በየክፍሉ ስለተዘጋ አንዱ ክፍል ቢቀደድ ሌላው ይይዘዋል። «አይሰምጥም» የሚባለው ከዚህ ነው።

ችግሩ አፍንጫው ነው። ሹል ጀልባ ማዕበል ሲመጣበት ፊቱን ቀና አድርጎ ይወጣዋል። የፖንቱን ወለል ግን ከውሃው ብዙም ከፍ አይልም፣ ፊቱም ጠፍጣፋ ነው። የቱቦዎቹ ጫፍ አንዴ ውሃ ውስጥ ከገባ ወለሉ እንደ አካፋ ይሆናል። ውሃውን ያፍሳል እንጂ አይወጣውም።

ቀኑ የካቲት 16 ነው፣ ኪዳነ ምሕረት። ከአዲስ አበባ የመጡ የማኅበር ሰዎች ዘጌ ወዳለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለንግሥ እንድወስዳቸው ተስማማን። አሥራ ስምንት ናቸው። ጀልባው ሃያ ሰው ይጭናል ተብሎ የተጻፈበት ነው፣ ስለዚህ በቁጥር ምንም ጥፋት የለብንም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር ተነሳን። ጣና ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር፤ አንድ ሽብሽባት የለውም።

ከመነሳታችን በፊት ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። የግራው ቱቦ ፊቱ ከቀኙ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። ሰው ገና አልገባበትም። ረዳቴም አየው። «ጋሼ፣ ይቺ ነገር ዘመም አላለችም?» አለኝ። «ሰው ሲገባ ይስተካከላል» አልኩት። እንግዶቹ ቅዳሴ እንዳያመልጣቸው ቸኩለዋል፣ እኔም ላስረፍዳቸው አልፈለግኩም። ይህን መልሴን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

ስንሄድ እንዲህ ብዬ ነግሬያቸው ነበር፦ 6 ሰዓት ላይ እንነሳለን፣ ከዚያ በኋላ ነፋስ አለ። እሺ አሉ። ግን ንግሥ ነው፣ ታቦቱ ሳይገባ ማን ይመጣል? ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ያለው መንገድ በሰው ተሞልቷል፣ እናቶች አሉ፣ የዘጌ ቡና የሚገዛ አለ። የመጨረሻዎቹ ሲደርሱ 9 ሰዓት አለፈ። ያኔም ቢሆን «አንድ ጊዜ ጠብቁኝ» ብዬ ውሃውን ማየት ነበረብኝ። አየሁ ብዬ ነበር። የጫንንበት ቦታ ጸጥ ብሏል፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ። ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ምድሩ ሲሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነሳል። ለእኛ ለደቡቡ ዳርቻ ይህ ማለት ከሰሜን፣ ከጎርጎራ በኩል ነው የሚመጣው፤ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ክፍት ውሃ ላይ ማዕበሉን እየገፋ። ሐይቁ ደግሞ ሲያዩት ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ጥልቅ የሚባለውም ቦታ 15 ሜትር አካባቢ ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ይደርስብሃል። ዘጌ ግን ወደ ሐይቁ የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው፣ ዛፉም ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ነፋሱን ይከልልሃል። ጥግ ላይ ቆመህ «ሰላም ነው» ትላለህ። ጫፉን ስታልፍ ነው ጉዱ የሚታይህ።

ጭነት ስንጭን ደግሞ ስምንት ጀሪካን ጠበል መጣ። ባለ 20 ሊትር ናቸው። አንዲት እናት፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው፣ «የኔ ልጅ፣ ይሄን ከእግራችን ላይ አንሳልን» አሉኝ። ከኋላ መቀመጫ አለ፣ ነዳጅ አለ። ከፊት በር ጋ ባዶ ቦታ ነበር። እዚያ ደረደርነው። 160 ኪሎ ማለት ነው፤ ያኔ ግን አላሰብኩትም፣ በዓይኔ ስምንት ጀሪካን ብቻ ነው። ቀጥሎ መዘምራኑ ከበሮውን ይዘው ፊት ለፊት ጀሪካኖቹ ዙሪያ ቁጭ አሉ። ሰባት ይሆናሉ። ጠዋት ለብሰውት የነበረውን ላይፍ ጃኬት ሙቀቱ ሲያስቸግራቸው ግማሾቹ አውልቀው ተቀምጠውበታል። አየሁ። ዝም አልኩ። በዓል ነው፣ ደስ ብሏቸዋል።

ከተነሳን ሩብ ሰዓት ያህል በሰላም ሄድን። ከዘጌ ጥግ ስንወጣ ማዕበሉ ከኋላችን፣ በግራ ትከሻችን በኩል መጣ። ከፊት የሚመጣ ማዕበል ያስፈራል፣ ግን ታየዋለህ። ከኋላ የሚመጣው ነው ተንኮለኛው። ኋላህን ያነሳልሃል፣ አፍንጫህን ይደፋዋል፣ ከዚያ ቁልቁል ያንሸራትትህና ከፊትህ ያለው ማዕበል ጀርባ ላይ ይሰካሃል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ትንሽ ውሃ ረጩ። መዘምራኑ ሳቁ፣ ከበሮው አልቆመም። ሦስተኛው ላይ አፍንጫው ገባ። ውሃው በፊት በሩ ስር ሳይሆን በላዩ ነው የመጣው። ከበሮው ጸጥ አለ። አንዲት ልጅ «እመቤቴ!» ብላ ጮኸች። አንድ ቢጫ የፕላስቲክ ጫማ ወለሉ ላይ እየተንሳፈፈ መጥቶ እግሬን ነካኝ፣ ከኋላው የረጠበ ነጠላ ተከተለ።

እኔ ምን አደረግኩ? ጋዙን ቀነስኩ። ሙሉ በሙሉ።

ስህተቱ ይሄ ነው። ስትደነግጥ እጅህ ራሱ ጋዙን ይመልሰዋል፣ መኪና ላይ ፍሬን እንደመርገጥ። ፖንቱን ግን አፍንጫውን ቀና አድርጎ የሚይዘው የሞተሩ ግፊት ነው። ግፊቱን በአንዴ ስትነሳው ፊቱ ይወድቃል። የኋላው ማዕበል ደግሞ አይጠብቅህም፤ ደርሶ ኋላህን ያነሳዋል። ወለሉ ላይ የቀረውን ውሃ አስቡት፤ ከፊት 2 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል የሚሆን ቦታ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ብቻ ቢተኛ 250 ኪሎ ነው። ስለዚህ አራተኛው ማዕበል ሲመጣ አፍንጫችን ከሦስተኛው ጊዜ ይልቅ ከብዶ ነበር። ገባ። ይሄኛው ጉልበት ድረስ ነው፣ የፊቶቹን ሰዎች።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሊነሳ ሆነ። በአንድ ጊዜ ተነስተው ወደ አንድ ጎን ቢሮጡ አሁን ይሄን አልጽፍም ነበር። «ማንም እንዳይነሳ! ቁጭ እንዳላችሁ ወደ ኋላ! በመቀመጫችሁ ተንሸራተቱ!» ብዬ የቻልኩትን ያህል ጮኽኩ። እትዬ ናቸው ያዳኑን ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቀድመው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉና አጠገባቸው ያለችውን ልጅ በቀሚሷ ይዘው «ተቀመጪ! ልጁ የሚልሽን ስሚ!» አሏት። እሳቸው ሲቀመጡ ሌላውም ተቀመጠ። ረዳቴ በአራት እግሩ ሄዶ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ገፋቸው። ሁለቱን ወደ ሐይቁ ጣላቸው፣ ማንም አልተቆጣም።

እኔ ጋዙን ቀስ እያልኩ መለስኩት። የሞተሩን ጭራ ትንሽ ወደ ላይ አነሳሁት፤ አፍንጫውን ይደግፈዋል። ሞተሩ 60 ፈረስ ነው ይባላል፣ ግን እኛ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል፣ ስለዚህ በእጄ ያለው ቢበዛ 50 ነው። ይህንንም ጠዋት ሳይሆን ያኔ ነው ያስታወስኩት። ደግነቱ ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሄድ አፍንጫው ብቅ አለ፣ ውሃውም በጎን መፍሰሻው ወጣ። ከዚያ አንዱን ማዕበል መረጥኩና ጀርባው ላይ ሆኜ እሱን ሳልቀድመው፣ እሱም ሳይቀድመኝ ሄድኩ። ረዳቴ ሸራውን አጠፈው። ነፋስ ውስጥ ጣራው እንደ መርከብ ሸራ ነው፣ ወደፈለገው ይወስድሃል።

«ላይፍ ጃኬት ልበሱ» አልኩ። ሰው እጁ እየተንቀጠቀጠ ማሰሪያ ማሰር እንዴት እንደሚያቅተው ያየሁት ያን ቀን ነው። አንድ አባት ቀበቶውን ሦስት ጊዜ ሞክረው አልሆን አላቸው። ትንሽ ቁልፍ ናት፣ ጠቅ ብትል ያለቀላት። ጠዋት ሲያስሯት ሁለት ሰከንድ አልፈጀችባቸውም ነበር።

በቀጥታ ወደ ባሕር ዳር መሄድ አልደፈርኩም። ክብራን ገብርኤል ቅርባችን ነበር፣ ከደሴቲቱ ጀርባ ነፋሱ በማይመታው በኩል ገባሁና መልህቅ ጣልኩ። ክብራን ሴት እንደማይገባበት ታውቃላችሁ። ማኅበርተኞቹ ግማሹ ሴቶች ናቸው። እትዬ ቀና ብለው ዛፎቹን አዩና «አንወርድም፣ ከዚሁ እንሳለማለን» አሉ። ጀልባዋ ላይ ሆነው ተሳለሙ። ከዚያ የረጠበ ቆሎ ከቦርሳ ወጣ፣ ተካፈልን። ከበሮው ቆዳው ውሃ ጠጥቶ ስለነበር ሲመቱት የካርቶን ድምፅ ነበር ያለው። ቀስ ብለው በጭብጨባ ብቻ ዘመሩ።

ወደ 11 ሰዓት ተኩል ነፋሱ ደከመ። ሳይጨልም ባሕር ዳር ገባን። ሁሉም በእግራቸው ወረዱ።

በሦስተኛው ቀን ጀልባውን አውጥተን የግራውን ቱቦ ፈተሽነው። የፊተኛውን ክፍል ውታፍ ስንከፍተው ውሃ መፍሰስ ጀመረ፣ አያቆምም። ረዳቴ ጀሪካን አምጥቶ ሰፈረው። ሁለት ጀሪካን ተኩል፣ 50 ሊትር። ብየዳው ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረች፤ በጥፍሬ ስዳስሳት እንኳ ደጋግሜ አመለጠችኝ። ጠዋት ያየኋት ሦስት ጣት ይቺ ናት። ሰው ገብቶ አላስተካከላትም፣ ሸፈናት እንጂ። በዚያ ላይ ጠበሉ፣ በዚያ ላይ ሰባት ሰው። ሁሉም አንድ ቦታ፣ አፍንጫው ላይ። አሥራ ስምንት ሰው ለሃያ ሰው ጀልባ አልበዛም፤ ቁጥሩ ልክ ሆኖ አቀማመጡ ነው ሊገድለን የነበረው።

አሁን ቱቦዎቹ ላይ ከፊትም ከኋላም በቀለም መስመር አስምሬባቸዋለሁ። ጠዋት ባዶውን አይቼ አንዱ መስመር ከሌላው ከጠለቀ አልነሳም፣ ቅዳሴ ቢያመልጥም። ጭነት መሃል ነው፣ ከመቀመጫ ስር። ከፊት በር እስከ ሁለተኛው ወንበር ድረስ ማንም አይቀመጥም፣ ፎቶ የሚነሳም ቢሆን ውሃው ጸጥ ሲል አንድ አንድ እየሆነ ነው። ላይፍ ጃኬቱን ከመነሳታችን በፊት እኔ ራሴ እየዞርኩ አስራለሁ፣ ሞቀኝ ያለ ውሃ ይጠጣል እንጂ አያወልቅም። ዘጌ ስንመለስ ደግሞ የጫንኩበትን ጥግ አላምንም፤ ረዳቴ ውሃው ወደሚታይበት ጫፍ በእግሩ ሄዶ ያያል። ነጭ አረፋ ካየ እንጠብቃለን። አንዳንዱ እንግዳ ይቆጣል። አንዱ ገንዘቤን መልስ ብሎኝ በመኪና ሄዷል፣ መለስኩለት።

ረዳቴን ጋዝ ላይ አስለምጄዋለሁ። ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ወስጄው «አፍንጫው ገባ!» እላለሁ ድንገት። መጀመሪያ ሰሞን እጁ ወዲያው ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። አሁን ትንሽ ከፍ አድርጎ ይይዘውና «ወደ ኋላ!» ብሎ ይጮኻል። ባዶ ጀልባ ላይ።

በዓመቱ ያው ማኅበር ደወለ። እውነት ለመናገር አልጠበቅኩም ነበር። ጠዋት ወደቡ ላይ እትዬ አዲስ ከበሮ ካስያዙት ልጅ ጋር መጡ። ሰላም ሳይሉኝ ወደ ውሃው ጎንበስ ብለው ሁለቱን መስመሮች አዩ። «ልክ ናቸው?» አሉኝ። ልክ ናቸው አልኳቸው። ገብተው ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጡና ባዶ ጀሪካኖቻቸውን ከእግራቸው ስር አስገቡ።