ፎረፎር መስሎኝ

እሁድ ከሰዓት፣ በረንዳችን ላይ የሐዋሳ ፀሐይ እየበረደች፣ የልጄን ሹሩባ ስፈታ ከጆሮዋ ጀርባ ነጫጭ ነገር አየሁ። ፎረፎር መስሎኝ እፍ አልኩት፤ አልተነሳም። በጥፍሬ ብስበው እንኳ ፀጉሩን ሙጭጭ አለ። ቅጫም! ለካ ሳምንቱን ሙሉ ማጅራቷን ስታክክ የሰነበተችው ለዚህ ነው።

እማዬ በስልክ «ነጭ ጋዝ ቀቢያት» አለችኝ፤ እኛን እንደዚያ ነው ያሳደገችን። እሺ ብዬ ዘጋሁት፤ አልቀባኋትም። ቆዳ ያቃጥላል፣ እሳት አጠገብማ አያድርስ። ከፋርማሲ 1 በመቶ ፐርሜትሪን የሚባል የቅማል መድኃኒት ገዛሁ፤ ታጥባ 10 ደቂቃ ተቀብቶ ይለቀለቃል። ቅጫሙን ሁሉ ስለማይገድል በ9ኛው ቀን ደገምኩት።

ያደከመኝ ግን ማበጠሩ ነው። እርጥብ ፀጉሯን እየከፈልኩ፣ በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ከሥር እስከ ጫፍ፣ በየጊዜው ነጭ ሶፍት ላይ እየጠረግኩ። መጀመሪያ ቀን ሰባት ቅማል፤ አንዷ እግሯን ታወራጫለች። አንሶላና ሻርፗን በፍል ውኃ አጠብኩ።

በየቅዳሜው የማጥበው ፀጉር ነው እኮ! ቅማል ንጹሕ ቆሻሻ አይመርጥም፤ አይዘልም፣ አይበርም፤ ጭንቅላት ለጭንቅላት ሲነካካ ይሻገራል። አፍሬም ቢሆን አብራት ለምትቀመጠው ልጅ እናት ነገርኳት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማበጠሪያውን ከየት ነው የገዛሽው?» አለችኝ።