ከሳይነስ ወደ ዓይን

ዛሬ እዚሁ ሀዋሳ ተኝታ የምትታከመውን የአክስቴን ልጅ ስጠይቅ ዋልኩ። የጀመራት ሳይነስ፣ ማለትም በአፍንጫ ዙሪያ ባሉ የአጥንት ክፍተቶች የሚፈጠር ሕመም ነበር። አሞክሳሲሊን ወሰደች፤ ተቀየረላት፤ እሱም አልሠራም። ከዚያ በአንድ ሌሊት የግራ ዓይኗ አብጦ ተከደነ። ሐኪሙ እንዳስረዳን እነዚህን ክፍተቶችና ዓይንን የሚለየው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ኢንፌክሽኑ እሱን ካለፈ ዓይን ሊያጠፋ፣ አንጎል ውስጥ መግል ሊቋጥር፣ ማጅራት ገትርም ሊያመጣ ይችላል። መግሉ በኦፕሬሽን ወጥቶ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ የላብራቶሪ ምርመራ) ሲሠራ ባክቴሪያው የተለመዱትን መድኃኒቶች የተላመደ ሆኖ ተገኘ። አሁን በደም ሥር ቫንኮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ እየተሰጣት ነው፤ ተመስገን፣ ዛሬ እብጠቱ ቀንሷል።

እባካችሁ፣ ሳይነስ ያለበት ሰው ዓይኑ ካበጠ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ካየ ወይም ራስ ምታትና ትኩሳት ከበረታበት፣ ፋርማሲ ሳይሆን ቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት። እህቴንም በጸሎት አስቡልኝ።