የእማዬን ዊጎቪ ሜዲኬር እንዲከፍል ያደረግነው እንዴት ነው

በእኛ ቤት ውፍረት በሽታ ሆኖ አያውቅም። «ተመችቷታል» ይባላል፣ አለቀ። የልብ ሐኪሟ ዊጎቪ የሚባለውን የክብደት መቀነሻ መርፌ ሲያዝላት እማዬ ምንም አልመሰላትም፣ የደነገጥኩት ዋጋውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ያለ ኢንሹራንስ በወር ከ1,300 ዶላር በላይ የሚጠራበት ጊዜ ነበር። እማዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ከነፓርት ዲው (የመድኃኒት ሽፋኑ) አላት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገብቶላታል። ስኳር የለባትም።

ፋርማሲው «ኢንሹራንሱ እምቢ ብሏል» አለን። ከዚያ ወፈር ያለ ደብዳቤ በፖስታ መጣ። ብዙ ገጽ ነው፣ ቁም ነገሩ ግን አንድ መስመር ላይ ነበር፦ የተጠየቀው ክብደት ለመቀነስ ስለሆነ በሕግ አይሸፈንም። ሳነብላት እማዬ «ወፍረሻል ለማለት ይሄ ሁሉ ወረቀት?» ብላ ሳቀች።

ሕጉ እውነት ነው። ፓርት ዲን የፈጠረው የ2003 (እ.ኤ.አ.) ሕግ የክብደት መቀነሻ መድኃኒቶችን አስወጥቷል። ያኔ ፌን-ፌን የሚባለው የክብደት መቀነሻ መድኃኒት የልብ ቫልቭ ጎድቶ በ1997 ከገበያ ከወጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ኮንግረስ ውስጥ ይህን የሚቀይር ረቂቅ ከአስር ዓመት በላይ ሲንከባለል ኖሯል። የባይደን አስተዳደር በኖቬምበር 2024 አዲስ ደንብ አቅርቦ ሊፈታው ሞከረ፣ የትራምፕ አስተዳደር በኤፕሪል 2025 ሐሳቡን ተወው።

ግን ክልከላው የሚያየው መድኃኒቱ ለምን እንደታዘዘ ነው። በማርች 2024 ኤፍዲኤ (መድኃኒት የሚፈቅደው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት) ዊጎቪን የልብ ሕመም ላለባቸው ወፍራም ሰዎች የድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክን) እና የስትሮክን አደጋ ለመቀነስ ፈቀደ። ከ17 ሺህ በላይ ሰው የተሳተፈበት ጥናት አደጋው በ20 በመቶ መቀነሱን አሳይቶ ነበር። ሜዲኬርም ለዚህ ምክንያት ከታዘዘ የፓርት ዲ ኩባንያዎች መሸፈን እንደሚችሉ አሳወቀ።

ስለዚህ ክሊኒኩ ደውዬ የላኩትን ቅጽ ቅጂ ጠየቅሁ። የውፍረት ኮድ (ለኢንሹራንስ የበሽታው መለያ ቁጥር) ብቻ። ስለ ስቴንቱ አንድ ቃል የለም! ከኢንሹራንሱ ድረ ገጽ የፈቃድ መስፈርቱን አትሜ፣ የሚፈልጉትን በማርከር አስምሬ፣ ለነርሷ በእጇ ሰጠኋት። የልብ ሕመሙ ኮድ፣ የስቴንቱ ማስረጃ፣ ቁመትና ክብደት፣ ከሐኪሟ አጭር ደብዳቤ ጋር ይግባኝ ገባ። ለይግባኝ ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ 65 ቀን አላችሁ፣ መልሱ በ7 ቀን፣ አስቸኳይ ከሆነ በ72 ሰዓት መምጣት አለበት። እማዬ የውክልና ቅጽ ፈርማልኝ ስለነበር ስልክ ላይ «እሷን ራሷን አቅርብ» የሚል ጣጣ አልነበረም። ተፈቀደ።

የሌለ በሽታ ይጻፍልኝ እንዳትሉ፣ እሱ ማጭበርበር ነው። ያለውን ግን አስጽፉ። ለምሳሌ እኛ የምንቀልድበት ማንኮራፋት፦ ዜፕባውንድ የሚባለው ሌላ የክብደት መቀነሻ መርፌ ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ወፍራም ለሆኑና እንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው በመካከለኛ ወይም በብርቱ ደረጃ ለሚቋረጥ ሰዎች ስለተፈቀደ፣ በዚያ ምክንያት ሜዲኬር ሊሸፍነው ይችላል። የእንቅልፍ ምርመራ ግን ያስፈልጋል። ግራ ከተጋባችሁ በየስቴቱ ሺፕ የሚባል ነፃ የሜዲኬር አማካሪ አለ። እንግሊዝኛ ለሚያስቸግራቸው አባትና እናቶች አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አይከፈልበትም።

ሜዲኬድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ሌላ ዓለም ነው፣ እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ይወስናል። ኦክላንድ ያለችው አክስቴ ሜዲካል (የካሊፎርኒያ ሜዲኬድ) ነው ያላት፤ ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዋቂዎች ለክብደት ብቻ የሚታዘዘውን መክፈል አቆመች። በጀት ነው ሰበቡ። ለኔ ግን ዛሬ መርፌውን ከልክሎ ነገ ለልብ ቀዶ ጥገና መክፈል ቁጠባ አይመስለኝም። በሜዲኬር በኩል ደግሞ ዋይት ሐውስ በኖቬምበር 2025 ከአምራቾቹ ጋር ተስማምቶ፣ ከ2026 አጋማሽ ጀምሮ መስፈርቱን የሚያሟሉ ሰዎች ለእነዚህ መድኃኒቶች በወር 50 ዶላር እንደሚከፍሉ አስታውቋል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ፈቃዱ ማብቂያ ቀን አለው፣ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። እኔ ከወር በፊት እንዲያስታውሰኝ ስልኬ ላይ ሞልቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ክሊኒኩ እንደገና የውፍረቱን ኮድ ብቻ እንደማይልክ ዋስትና የለኝም።